ቀዮን ያጠቆራት

አክስቴን ምን እንዳጠቆራት በግቢያችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ትልቁ አጎቴ ፀሐይ ነው አለ፤ ጃንጥላ ያዢ ስትባል አልሰማ ብላ። ሚስቱ እትዬ ክሬም ነው አለች፤ ተደብቃ ስትቀባ ኖራ። የአጎቴ ሱቅ ልብስ ሰፊ ደግሞ ቅያሜ ነው አለ፤ ሰው ሆዱ ውስጥ የያዘው ነገር ሲከርም በቆዳው ይወጣል እያለ ሲያስረዳ የሕክምና ትምህርት ቤት የጨረሰ ይመስል ነበር። ሦስቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ነገር ላይ ተገናኙ፤ ጥፋቱ የራሷ ነው።

እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበርና ሦስቱንም አመንኳቸው። ትልልቅ ሰዎች በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ስለሚያውቁ ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ የእናቴና የአጎቴ ታናሽ እህት ናት። ስሟን የሚያውቀው የተማረችበት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ከቤት እስከ ሰፈር ቀዮ ነበረች። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ቀይ መሆን እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤናው አይደለም፤ መልኩ ነው። እኔ የተወለድኩ ቀን እናቴ «ጠይም ናት» ስትል፣ እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ግድ የለም፣ ስታድግ ትጠራ ይሆናል» አለች አሉ። አልጠራሁም።

አጎቴ የመጋረጃ ሱቅ ነበረው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ፣ ቀዮና እኔ ከእሱ ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር የምንኖረው። ለእንግዳ ሲያወራ «ሰብስቤ ያስገባኋቸው ናቸው» ይለን ነበር። እኔም መንገድ ላይ ተበትነን፣ እሱ አንድ በአንድ እየለቀመ ዘንቢል ውስጥ ሲከተን ይታየኝ ነበር። ውለታው ከብዶኝ ባየሁት ቁጥር ጎንበስ እል ነበር። እናቴ የዚያን ሁሉ ሰው ምግብ ስታበስልና ልብስ ስታጥብ፣ ቀዮ ሱቁን ቀጥ አድርጋ ስትይዝ፣ ለሁለቱም ሥራ አንድም ቀን ደሞዝ እንዳልተከፈለ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የተሰበሰበውስ እሱ ነበር።

ቀዮ የምትቆመው ከሱቁ የፊት መስታወት አጠገብ ነው። ደንበኛ ሲገባ ጨርቁን ከጥቅሉ ዘርግታ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ሰዉ መስኮቱን ረስቶ እሷን ያያል። አጎቴ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ «ጨርቅ የሚሸጠው ፊት ነው» ይላል። እሷ ግን ፊቷን እንደ ቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም። ጨርቅ ታውቅ ነበር፤ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ የትኛው ሁለተኛ እጥበት ላይ እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ፀሐይ ሲመታው እንደሚገረጣ ትናገራለች። ምላሷም ስል ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ዓይኑን ከደረቷ ሳይነቅል «ይሄ ለመኝታ ቤት ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «መስኮትዎን እያዩ ቢጠይቁኝ ይሻላል፤ እኔ ጋ መስኮት የለም» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ለሦስት ክፍል የሚሆን ገዝቶ ሄደ።

መጀመሪያ የተለወጡት ጣቶቿ ናቸው። ጠዋት ብርድ ሲሆን ጫፋቸው ነጭ ይሆናል፤ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲሞቃት ደግሞ ቀልቶ ያቃጥላታል። ነጩ የልብስ ሰፊው ጠመኔ፣ ሰማያዊው የጨርቁ ቀለም መሰለኝና በቀሚሴ ጫፍ ልጠርግላት ሞከርኩ።

«አይለቅም፣ ሚጢጢ» አለችኝ። «እኔም ሞክሬዋለሁ።»

ቀጥሎ ቆዳዋ መጥቆር ጀመረ። ከእጆቿ ተነስቶ ወደ ክንዷ፣ ከዚያ ወደ ፊቷና ወደ ደረቷ ወጣ። ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዋን የማሽላት እኔ ስለነበርኩ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቀው ሆዷ ሳይቀር መጥቆሩን አይቻለሁ። ይህን ለአጎቴ ብነግረው ፀሐይ ነው ማለቱን ይተው ነበር ብዬ አላሰብኩም፤ ፀሐይዋ በልብስ ውስጥ የምታልፍ ጉድ መሆኗ ነው የገረመኝ። አንገቷ ሥር ደግሞ በጥቁሩ መካከል ነጣ ያለ ቦታ ወጣ፤ ነጣ ባለው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት ትመስል ነበር። ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል። እንደ ድሮው ጉንጯን ቆንጠጥ ላደርግ ስሞክር ጣቴ የሚይዘው ነገር አጣ።

አንድ ከሰዓት እትዬ ኩሽና በር ላይ ቆማ ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። «ፊቷን እኮ በገዛ እጇ አቃጠለችው! ማን አቃጥይ አላት? ተፈጥሮ ከሰጣት በላይ ስትፈልግ!»

በዚያው ምሽት ግቢው ውስጥ ክብሪት ጠፋ። እናቴ ምድጃውን የምታቀጣጥልበት አጣች፤ አጎቴ ያልተለኮሰ ሲጋራ በከንፈሩ ይዞ ከክፍል ክፍል ተንጎራደደ። በመጨረሻ ሁሉም ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ተገኘ፤ የኩሽናው፣ የሳሎኑ፣ የዘበኛው ሳይቀር።

«ምን ልታደርጊበት ነው?» አለችኝ እናቴ ጆሮዬን ይዛ።

«ምንም። ቀዮ ፊቷን እንዳታቃጥል ነው።»

እናቴ ጆሮዬን ለቀቀችኝና የኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እየሳቀች መስሎኝ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ቀና ስትል ግን ፊቷ በእንባ ርሷል። ቀዮ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። መጥታ ጠንካራ እጇን አናቴ ላይ ጣል አደረገችና «በዚህ ግቢ እኔን ከእሳት ላውጣ ያለ አንድ ሰው ተገኘ» አለች። «እሱም ቁመቱ ከክብሪት ብዙም አይበልጥ።»

ክሬም የምትቀባውስ ራሷ እትዬ ነበረች። ፊቷ እንደተላጠ ድንች ነጥቶ፣ የጣቶቿ አንጓዎች ግን በተፈጠሩበት ጥቁረት ቀርተዋል፤ እጇን ጉንጯ ላይ ስታደርግ የሌላ ሰው እጅ የያዛት ይመስል ነበር። ያንን ሁሉም ያያል፤ ማንም አይናገርም። ቀለም በገንዘብ ሲገዛ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ሲጠፋ ነው።

እናም ያቺ ሴት አንድ ቀን የክሬም ቱቦ ይዛ መጣች። «ተቀቢው። ይመልስልሻል» አለቻት።

«የት ሄዶ ነው የሚመልሰው?» አለች ቀዮ።

አጎቴ ጋዜጣውን ሳያወርድ ጣልቃ ገባ። «ትቀባ! ሰው ሱቄ ገብቶ መደንገጥ የለበትም። መጋረጃ ነው የምሸጠው፣ የሬሳ ሳጥን አይደለም።»

ቀዮ ወደ እናቴ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። ተቀበለች። እኔ ስጦታ የተሰጣት መስሎኝ ቱቦው ላይ ያለችውን ፈገግ ያለች ሴት ሥዕል ሳደንቅ ነበር። ለምን ወደ እኛ እንዳየች የገባኝ እምቢ ብትል ሦስታችንም የት እንገባ ነበር ብዬ ማሰብ በቻልኩበት ዕድሜ ነው። ክሬሙ ደረቷን ልጦ አቆሰላት። ቁስሉ ሲድን ቦታው ከበፊቱ ጠቆረ። እትዬም «አየሽ፣ አበዛሽው» አለቻት።

ከዚያ ቀዮ ቢሮ ተሰጣት። ለክፍል ጓደኞቼ የነገርኳቸው እንደዚያ ብዬ ነው። ከሱቁ ጀርባ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ፣ የራሷ አምፖል ያለው ክፍል፤ እንደ ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ መቆም ቀረ፤ ወንበር አላት። አጎቴ ራሱ ቁልፉን ሲያስረክባት «እዚህ ማንም አይረብሽሽም» ሲላት ስለሰማሁ በደግነቱ ኮራሁ። የተሰጣት መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የመጋረጃ ጠርዝ ትሰፋበታለች። ብርዱ ጣቶቿን አንድ ባንድ በላቸው፤ ጫፋቸው ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። መስታወቱ አጠገብ ሌላ ልጅ ቆመች። ቀይ መሆኗን መናገር አያስፈልገኝም።

እናቴ አንድ ቀን ማንንም ሳታስፈቅድ፣ እኔንም አስከትላ ሆስፒታል ወሰደቻት። አጎቴ ሰምቶ «እኔም ልስማው፤ ተላላፊ ከሆነስ?» ብሎ ተከተለን። ሐኪሟ ፊቷ ድካም የሚታይበት አጭር ሴት ነበረች። የቀዮን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ብዙ ቆየች። በኋላ መጠየቅ ጀመረች። የምትወስጂው ኪኒን አለ? ስትነሺ ያዞርሻል? ጨው ጨው ያሰኝሻል? ሌሊት ሌሊት ሰውነትሽን ያሳክክሻል? ዓይንሽ ቢጫ ሆኖ ያውቃል? ምግብ ሲወርድ ይይዝሻል? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል? እኔ ፈተና መስሎኝ ቀዮ ስንቱን እንዳገኘች ለማወቅ ጓጓሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «አዎ» አለች። እናቴ ዘወር ብላ አየቻት፤ ለእሷም አዲስ ነበር።

«ቆዳሽ ላይ የቀባሽው ነገርስ?»

ቀዮ ቱቦውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሐኪሟ አነበበችና «ይህን ማነው የሰጠሽ?» አለች። አጎቴ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እዚያ ምን እንዳለ ለማየት እኔም ቀና አልኩ፤ ምንም አልነበረም።

ደም ተወሰደ፤ ደረቷ ፎቶ ተነሳ፤ ውጤቱ ሲደርስ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ቀዮ ስባ በቀስታ አስረዳቻት። በሽታው ስክሌሮደርማ ይባላል። ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የተፈጠረው ኃይል ተሳስቶ የራስን አካል ያጠቃል፤ ቆዳ ይጠነክራል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣቶቿ በብርድ የሚነጡት ለዚያ ነው።

«ጥቁረቱን በተመለከተ ሌላ ሌላውን ሁሉ ፈትሼዋለሁ» አለች። «ጉበትሽም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችሽም ደህና ናቸው። መድኃኒትም አይደለም። በሽታው ራሱ ነው። ቆዳ ሲቆጣና ሲጠነክር ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ይነካካሉ፤ አንዱ ጋ ያለ ልክ ይሠራሉ፣ አንዱ ጋ ያቆማሉ። አንገትሽ ላይ ያሉት ነጥቦች የፀጉር መውጫዎች ናቸው፤ እዚያ ቀለሙ ስላልጠፋ ነው። ፀሐይ ሊያባብሰው ይችላል፤ ይሄ ክሬምም አቁስሎ አባብሶታል። ያመጣው ግን አንቺ ያደረግሽው ነገር አይደለም።»

የቀዮ ትከሻ ዝቅ አለ፤ ከባድ ጥቅል ካወረደች በኋላ እንደምትሆነው።

«ይተላለፋል?» አለ አጎቴ።

«አይተላለፍም።»

«መቼ ይለቃል ታዲያ?»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። «ምኑ?»

«ቀለሙ ነዋ።»

«ጌታዬ፣ እህትዎ መጋረጃ አይደለችም። እኔ እዚህ የፈራሁት ሳንባዋን ነው፤ እርስዎ ስለ ቀለም ይጠይቁኛል።»

በመንገድ ላይ አጎቴ ሐኪሟ ስድ መሆኗን ነገረን። የልብስ ሰፊው ሐሳብ የተሻለ እንደነበረም ጨመረበት።

ብዙም ሳይቆይ የአጎቴ ልጅ ሚስት ሊያገባ ሆነ። የልጅቷ ወላጆች ቤታችን ሊመጡ ቀን ተቆረጠ፤ ግድግዳ ተቀባ፤ ሳሎኑ አዲስ መጋረጃ ለበሰ። ቀዮም ራቅ ወዳለ ዘመድ ዘንድ ሄዳ አየር እንድትቀይር ተወሰነ። እኔ ቅናት አንገበገበኝና «እኔም አየር ልቀይር!» ብዬ ራት ላይ አለቀስኩ። እትዬ በጣም ሳቀች። ነገሩ አየር አልነበረም፤ የልጅቷ ወገኖች «በዘራቸው ያለ በሽታ ነው» ብለው እንዳይሸሹ ነው። ቀዮ «ሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ አልሄድም» አለች። እንግዲያው ሰዎቹ እስኪሄዱ ከክፍሏ እንዳትወጣ ተባለች። እኔ ደግሞ ድብብቆሽ መሰለኝ።

እንግዶቹ ቁጭ ብለዋል። እናቴ ኩሽና ናት፤ እኔ የስኳር ዕቃ ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ ቀዮ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። እጅጌ የሌለውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ አንስታ አስራ። ክንዷ፣ አንገቷ፣ ደረቷ፣ ያ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ወለል ብሎ ይታያል። የልጅቷ እናት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እሷስ ማን ናት?»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሠራተኛችን ናት።»

እኔ እንደ ጨዋታ ቆጠርኩት። ትልልቅ ሰዎች ከኛ ጋር ሲጫወቱ አይቼ አላውቅምና ደስ አለኝ። ቀዮም ጨዋታውን ወዲያው ገባችበት። ጎንበስ ብላ ለሴትየዋ ሻይ አቀረበችላት።

«እሰይ፣ ጎበዝ» አለች ሴትየዋ። «እዚህ ቤት ብዙ ሠራሽ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ፣ እመቤቴ» አለች ቀዮ። «እናታችን ናት የቀጠረችኝ።» ከዚያ በአገጯ ወደ አጎቴ አመለከተች። «እሳቸውንም ያው እሷው ነች። እሳቸው ቀድመው ስለገቡ አለቃ ሆኑ።»

ከሰማሁት ቀልድ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የስኳር ዕቃው ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅኩ። የሚስቀው ማን እንደሆነ ዞር ብዬ ሳይ፣ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እናቴ፣ የኩሽናው በር ላይ፣ አፏን በፎጣ ይዛ። አጎቴ የተቀባውን ግድግዳ መስሏል። እትዬ ጥቁር አንጓዎቿን ጭኖቿ መሀል ደብቃለች። ቀዮ የቀሩትን ሲኒዎች አንድም ጠብታ ሳታፈስ አደለችና ትሪውን ይዛ ወጣች።

ጋብቻው አልፈረሰም። ያኔ ስለሰዎቹ ደግነት የተነገረኝን አመንኩ። ጨርቅ አስመጪ የነበረው የልጅቷ አባት የመጋረጃ ደንበኛ ይፈልግ ነበር፤ ሚስትየዋ ደግሞ የሙሽራው አባት እህቱን መካዱን እንደ ጨዋነት ቆጠረችው። ተመሳሳዮች ተገናኙ።

እኛ ግን በዚያው ሳምንት ወጣን። እናቴ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ተከራየች። ሁለት ክፍል ለቅቀን አንድ ክፍል መግባታችን፣ ሌሊቱን ሙሉ ዱቄት የሚያራግፉ ሰዎች ድምፅ መስማታችን ቅጣት መሰለኝ፤ ስቄያለሁና በእኔ የመጣ ነው አልኩ። የኋላው ግድግዳ የምድጃው ግድግዳ ነበር። ቀን ከሌሊት ይሞቃል። እናቴ ከሰፈር ሰፈር ስትዞር የከረመችው እንዲህ ያለ ግድግዳ ፍለጋ ነው። ቀዮ የስፌት መኪናዋን እዚያው አስጠግታ፣ ጣቶቿ በነጡ ቁጥር መዳፎቿን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ቁስሎቹ ቀስ በቀስ ደረቁ። ደንበኞች መጡ። ጨርቅ አምጥተው እሷ ስትዳስሰው ያያሉ፤ ይሰማሉ፤ ይሄዳሉ። ፊቷን አይቶ የዞረ አልነበረም ብል ውሸት ነው። የዞረውን ግን በምላሷ ሸኝታዋለች።

ብዙ ዓመት ኖረች። አፏ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ በሻይ ማንኪያ ነበር የማጎርሳት፤ ያም ሆኖ ስለ ሰው ስታወራ ስለቱ አልደነዘዘም። የሞተችው ሐኪሟ በፈራችው በሳንባዋ ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ። መድኃኒቱ ቆዳዋን በመጠኑ አለስልሶት ነበር። ጥቁረቱ አብሯት ኖረ። አንድ ጊዜ ይቆጭሽ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። «የሚቆጨኝ ፉጨት ነው» አለችኝ። «ከንፈሬ እንቢ አለኝ እንጂ በፉጨት እበልጥሽ ነበር።»

አጎቴ ዳቦ ቤቱ ጀርባ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከወጣን ዓመት ሳይሞላን። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። ወለሉ በሙሉ ነጭ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶበታል፤ ቀዮ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ትለካለች። በሩን ሳያንኳኳ ገባና ኮፍያውን በእጁ ያዘ።

«እንዴት ናችሁ? አይ ሙቀት!» አለ። «ያቺ ልጅ… የቆመችው… ስለ ጨርቅ ምንም አታውቅም። ገበያው ቀዝቅዟል። እናም ሳስበው፣ የሆነው ሆኗል፣ ወንድምና እህት ነን። ተመለሽ። መጋዘኑን አስቀብቼልሻለሁ። ከውስጥ ሆነሽ ትነግሪያታለሽ፤ እሷ ከፊት ትሸጣለች። ማንም አያይሽም።»

የመጨረሻውን የተናገረው እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር።

ቀዮ ሜትሩን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም። ዕድሜዋን ሙሉ ጋሼ፣ እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«እግርህን አንሳ» አለችው። «የሰው መጋረጃ እየረገጥክ ነው።»

አጎቴ ወደ ታች አየ። አንድ እግሩን አነሳ። የሚያሳርፍበት ቦታ ፈለገ፤ በግራም በቀኝም ጨርቅ ነው። የበሩን ፍሬም ይዞ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ላብ በግንባሩ ወረደ። እናቴ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር፤ ቀና አላለችም። ጥቂት እንደዚያ ቆይቶ ወደ ኋላው ወደ ኮሪደሩ ወረደና ሄደ።

እኔ የሄደው መቆሚያ አጥቶ መሰለኝ። በልጅነቴ ካየሁት ሁሉ ይሄኛውን ብቻ አላረምኩትም።